ሃን ኩኦዩ፦ ካኦሽዩንግ መርጣ ያባረረችው ከንቲባ

ኖቬምበር 24 ቀን 2018 የታይዋኗ የወደብ ከተማ ካኦሽዩንግ አዲስ ከንቲባ መረጠች። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰውየው ሃን ኩኦዩ ይባላል፤ እነሱ የቤተሰብ ስም ስለሚያስቀድሙ ሃን እያልን እንቀጥል። ያገኘው ድምፅ 892,545 ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ ጁን 6 ቀን 2020፣ ያቺው ከተማ እንደገና ተሰለፈችና 939,090 ሰው «ይውረድልን» አለ። ያወረዱት ሰዎች ከመረጡት ይበልጣሉ ማለት ነው። በታይዋን የትልቅ ከተማ ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ ከወንበሩ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «አይ ሕዝብ! ዛሬ ያጨበጭባል፣ ነገ ይራገማል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የካኦሽዩንግ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የፈለገው ነገር ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ሃን ነው፣ ወይም ሃን ዓይኑን የጣለበት ወንበር።

ከሥሩ እንጀምር።

ሃን የተወለደው በ1957 ነው። አባቱ ከቻይናዋ ሄናን ግዛት የመጡ ወታደር ነበሩ። በ1949 የቺያንግ ካይሼክ ጦር በማኦ ተሸንፎ ባሕሩን ሲሻገር አብረው የተሻገሩት ወታደሮች ቤተሰቦቻቸውን ይዘው የሚኖሩባቸው የራሳቸው ሰፈሮች ነበሯቸው፤ ሃንም ያደገው እንዲህ ባለ ሰፈር ነው። የቺያንግ ፓርቲ ኩኦሚንታንግ ለእነዚህ ቤተሰቦች ፓርቲ ብቻ አይደለም። የመጡበትም የቀሩበትም ቤታቸው ነው። ሃን ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ፣ ኋላ በሱቾው ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፣ ማስትሬቱንም ሠራ። ከ1993 እስከ 2002 የፓርላማ አባል ነበር።

ከዚያ ዘመን ሰው የሚያስታውስለት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ቡጢ። በ1993 ፓርላማ ውስጥ ስለ ጡረተኛ ወታደሮች ክርክር ተነሳ። ቼን ሹይቢያን የሚባል የተቃዋሚ አባል የተናገረው ነገር የወታደር ልጁን ሃንን ከነከነው። ሃን ጠረጴዛ ገልብጦ ሄዶ መታው። ቼን ሆስፒታል ገባ። ያ የተመታው ሰው ከሰባት ዓመት በኋላ የታይዋን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የመታው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከመድረኩ ጠፋ።

ለአሥር ዓመት ያህል ስሙን የሚያነሳ ብዙ ሰው አልነበረም። የሚስቱ የሊ ጂያፈን ቤተሰብ በዩንሊን አውራጃ የታወቀ ነው፤ እሷም እዚያ የምክር ቤት አባል ነበረች፣ ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ሃን በዚያ ኖረ። በ2013 የዋና ከተማዋን የታይፔን የጅምላ አትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ይህ ገበያ የሚደምቀው ከተማው ሲተኛ ነው። ከደቡብ የመጣ ጎመንና ሙዝ በሌሊት ይራገፋል፣ ጨረታው ገና ሳይነጋ ይጀመራል። ሃን ከጫኝ አውራጁና ከገበሬው ጋር ማውራት የለመደው እዚህ ነው፤ ኋላ በምርጫ ዘመቻው ራሱን «አትክልት ሻጩ» ብሎ ያስተዋወቀበት ስምም ከዚህ የመጣ ነው። አባባሉ ትንሽ ሞቅ የተደረገ ነው እርግጥ፤ ሥራ አስኪያጅ ጎመን አይመዝንም። ግን ሰው ወደደለት።

በ2017 ለኩኦሚንታንግ ሊቀመንበርነት ተወዳደረ። ከመራጩ 6 በመቶ እንኳን አላገኘም። ሩጫው ካለቀ በኋላ ፓርቲው ደቡብ ልኮ የካኦሽዩንግ ቅርንጫፍ ኃላፊ አደረገው። ይህን እንደ ሹመት አትቁጠሩት። ካኦሽዩንግን ከ1998 ጀምሮ የያዘው ተቀናቃኙ ዲሞክራቲክ ፕሮግረሲቭ ፓርቲ ነው፣ በአጭሩ ዲፒፒ። ለኩኦሚንታንግ ሰው እዚያ መወዳደር ለመሸነፍ መመዝገብ ማለት ነበር።

ከተማዋ ግን ውስጥ ውስጡን ሆድ ብሷት ነበር። ካኦሽዩንግ የታይዋን ትልቁ ወደብ ናት። ብረት፣ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ኬሚካል፣ መርከብ፤ ላብ የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ እዚያ ነው። ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ታይፔና ሲንቹ ሄደ፤ ልጆቹም ተከትለውት ሄዱ። በ2014 ከመንገድ ሥር የተቀበረ የጋዝ ቱቦ ፈንድቶ 32 ሰው ሞተ። በ2017 ታይቹንግ የምትባለው ከተማ በሕዝብ ብዛት በልጣት ሁለተኛነቷን ወሰደችባት። በዕዳም ከደሴቱ ከተሞች ፊት መሪ ነበረች። ኦገስት 2018 ላይ ከባድ ዝናብ መጣ፣ ከተማው በጎርፍ ተጥለቀለቀ፣ ውኃው ሲጎድል አስፋልቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተበሳስቶ ተገኘ።

ሃን በዚህ መሃል ገብቶ ማንም ፖለቲከኛ ደፍሮ የማይለውን አለ፦ ካኦሽዩንግ አርጅታለች፣ ደህይታለችም። ሌላ ሰው ቢለው እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። እሱ ሲለው ግን እናቶች ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «እውነቱን ነው» አሉ፤ ልጆቻቸው ታይፔ ናቸዋ። ቀጥሎ የመጣው መፈክር ከዚያ ቀላል ነው፦ ዕቃችን ይውጣ፣ ሰው ይግባ፣ ካኦሽዩንግ ትበልጽግ። ልጆቻችሁ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ማለቱ ነው።

የዘመቻውን አካሄድ ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል። የፓርቲው ንብረት በሕግ ታግዶ ስለነበር ገንዘብ አልነበረም። ሃን ደግሞ ድህነቱን መፈክር አደረገው። አንድ ጠርሙስ ውኃና አንድ ሳህን ሩዝ ይበቃኛል አለ፤ ሩዙ ላይ በሶስ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል፣ የታይዋን የቀን ሠራተኛ ምሳ ነው። በራነቱንም አልደበቀም፣ መቀለጃ አደረገው፤ ወንዶች ለእሱ ብለው ፀጉራቸውን ተላጩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፌንግሻን፣ ቺሻንና ጋንግሻን በተባሉ ሦስት ሰፈሮች ትልልቅ ሰልፎች ጠራ። ባንዲራ የያዘው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ሲቲአይ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ሃንን ያሳይ ነበር፤ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በዚህ ጉዳይ ጣቢያውን ደጋግሞ ወቅሶታል።

ተስፋዎቹስ? ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዙው። የከተማው ሕዝብ በአሥር ዓመት ከ2.8 ሚሊዮን ገደማ ወደ 5 ሚሊዮን ይደርሳል። ወንዙ ዳር ለፍቅረኞች ሰው ተሳፍሮበት የሚዞር ግዙፍ የመዝናኛ ጎማ ይተከላል። ታይፒንግ ደሴት ላይ ነዳጅ ይቆፈራል። ይቺ ደሴት በወረቀት ላይ በካኦሽዩንግ ሥር ናት፣ ደቡብ ቻይና ባሕር መሃል ላይ ከከተማዋ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን አምስት ስድስት አገር የሚጨቃጨቅባት ቁራጭ መሬት። የከተማ ከንቲባ እዚያ ነዳጅ ሊቆፍር!

ግን እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማን ሰማ። ሃን 53.87 በመቶ፣ የዲፒፒው ቼን ቺማይ 44.80 በመቶ። ሃያ ዓመት የተያዘ ከተማ በአንድ ሌሊት ተገለበጠ። ማዕበሉ በአገር ደረጃ ስለነበር ፕሬዚዳንቷ ጻይ ኢንግወን በዚያው ምሽት የዲፒፒ ሊቀመንበርነቷን ለቀቀች። ሁሉም «ጻይ አለቀላት» አለ።

ዲሴምበር 25 ቀን ሃን ሥራ ጀመረ። ለፍትሕ ያህል ልበለው፣ ምንም አልሠራም ማለት ውሸት ነው። ጉድጓዶቹን አስደፈነ፣ የውኃ መውረጃዎችን አስጠረገ፣ አልፎ አልፎም ተራ ሰው ቤት ሄዶ አደረ። ማርች 2019 ላይ ሆንግ ኮንግ፣ ማካዎ፣ ሼንዜንና ሺያመን ዞሮ የፍራፍሬና የዓሣ ሽያጭ ስምምነቶች ይዞ መጣ። ችግሩ ሆንግ ኮንግ ላይ የቤጂንግ መንግሥት ወደሚወከልበት ቢሮ ጎራ ማለቱ ነው። ማንጎ ሊሸጥ የሄደ ከንቲባ እዚያ ምን አስኬደው የሚል ጥያቄ ተነሳ፣ ጥያቄውም አልበረደም።

ምላሱም ያስቸግረው ነበር። የፊሊፒንስ የእንግሊዝኛ መምህራን ይምጡ ሲባል «ማሪያ አስተማሪያችን ሆነች» የሚል ይዘት ያለው ነገር ተናገረ፤ ማሪያ የሚለው ስም እዚያ ለቤት ሠራተኞች የሚለጠፍ የንቀት ስም ነው። ሰፈር ውስጥ ሲያወራ ያስቃል፣ ያ ቀልድ ከንቲባ ቢሮ ሲገባ ግን ያሸማቅቃል።

ከሁሉ በላይ የሚነገርለት ቀን ግን ሜይ 3 ቀን 2019 ነው። ሃን የከተማዋን ምክር ቤት ጥያቄ ለመመለስ ቆሟል። ሁዋንግ ጂዬ የምትባል የ26 ዓመት ወጣት የምክር ቤት አባል ተነሳች። ከንቲባው ነፃ የንግድ ቀጠና ይቋቋም ሲል ከርሟል፤ እሷ የጠየቀችው ምን ዓይነት ቀጠና ነው፣ የትኛው ኢንዱስትሪ ይገባበታል፣ ለከተማው ምን ይጠቅማል ነው። መልሱ ካኦሽዩንግ ትበልጽጋለች። በሌላ መንገድ ጠየቀች። አሁንም መልሱ ካኦሽዩንግ ትበልጽጋለች። ደግማ ጠየቀች፣ ያው። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አዙራ ገለበጠችው። አንድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቪዲዮው አገሩን አዳረሰው፣ ከአገርም ወጣ።

ይህን ቪዲዮ ያየሁት ሰሞን እንደ ሰው ሳቅሁ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ሃንን በደንብ የሚያሳይ ነገር ሆኖ አገኘሁት። በሰልፍ መሃል ለመቶ ሺህ ሰው «ትበልጽጋለች» ሲል ሕዝቡ ያለቅሳል። አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ «እንዴት?» ካለው መልስ የለውም። መፈክሩ የፕሮግራሙ ርዕስ ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ ነበር።

ይህም ሆኖ ሊተርፍ ይችል ነበር ባይ ነኝ። ደካማ ከንቲባ በየትም አለ፣ አራት ዓመቱን ጨርሶ ይሄዳል። ሃንን የጣለው ሌላ ነው። ወንበሩን ሳያሞቅ ፕሬዚዳንት ልሁን አለ።

መጀመሪያ ዳር ዳር አለ። ኤፕሪል 23 ቀን መግለጫ አውጥቶ አሁን ባለው የፓርቲው አሠራር በማጣሪያው አልሳተፍም አለ። አልወዳደርም አላለም፣ ልብ በሉ። ፓርቲው መንገዱን አመቻቸለት። ጁን 1 ቀን ታይፔ ላይ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ፊት ለፊት በዝናብ ትልቅ ሰልፍ ተደረገለት። ጁላይ ላይ የኤሌክትሮኒክስ አምራቹን የፎክስኮንን ባለሀብት ቴሪ ጎውን በሰፊ ልዩነት አሸንፎ የኩኦሚንታንግ ዕጩ ሆነ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ለምረጡኝ ዘመቻ ከከንቲባነቱ የሦስት ወር ፈቃድ ወሰደ። ሥራ ከጀመረ ገና አሥር ወር አልሞላውም። ሰው ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እሱ ሞከረው።

አሁን በካኦሽዩንግ ሰው ዓይን እዩት። ልጆቻችሁ ከታይፔ ይመለሳሉ ብሎ የተመረጠው ሰው ራሱ ወደ ታይፔ ሊሄድ ጓዙን ይሸክፋል። በተስፋው አለመፈጸም መናደድ አንድ ነገር ነው። መሸጋገሪያ ተደርጎ መታየት ግን ያዋርዳል፣ ለዚያውም «ተረስተናል» ብላ ስታለቅስ የኖረችን ከተማ።

በዚህ ላይ ሆንግ ኮንግ መጣ። ጁን 9 ቀን 2019 የሆንግ ኮንግ ሕዝብ ተጠርጣሪዎችን ለቻይና አሳልፎ የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ በመቃወም አደባባይ ወጣ። ሃን ስለ ሰልፉ ሲጠየቅ እንደማያውቅ፣ ነገሩ ግልጽ እንዳልሆነለት መለሰ። የታይዋን ሰው ያን ሰሞን ዓይኑን ከሆንግ ኮንግ አልነቀለም ነበር። በሳምንቱ ዩንሊን ላይ በተደረገ ሰልፍ «አንድ አገር ሁለት ሥርዓት» (ቤጂንግ ሆንግ ኮንግን የያዘችበትና ለታይዋንም የምታቀርበው ቀመር) ታይዋን የሚገባው በሬሳዬ ላይ ተሻግሮ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ግን ረፍዶ ነበር። «አለቀላት» የተባለችው ጻይ አንሰራራች። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሃን ደጋፊዎቹን ለሕዝብ አስተያየት ጠያቂዎች «ጻይን ነው የምደግፈው» በሏቸው ብሎ መከረ። ቁጥሩን ለማምታታት ነው። እኔ እዚህ ላይ ተስፋ የቆረጠ ሰው አየሁ።

ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ጻይ 8,170,231፣ ሃን 5,522,119 ድምፅ አገኙ። ካኦሽዩንግ ውስጥ እንኳን ጻይ ከ60 በመቶ በላይ አገኘች። ሃን ወደ ከንቲባ ቢሮው ተመለሰ። የጠበቀው ግን ፊርማ ነው።

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ካልሆነ የቀረው አይገባም። ታይዋን ውስጥ መራጮች የመረጡትን ሰው ማውረድ ይችላሉ፣ አንድ ዓመት በሥራ ላይ ከቆየ። መጀመሪያ ከመራጩ 1 በመቶ ይፈርማል፣ ቀጥሎ 10 በመቶ፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። በድሮው ሕግ ግማሹ መራጭ ካልወጣ ድምፁ ዋጋ የለውም፤ ቅስቀሳ ማድረግም ክልክል ነበር። ስለዚህ ማንንም ማውረድ አይቻልም ነበር ማለት ይቻላል። በ2016 መጨረሻ ሕጉ ተለወጠ። አሁን «ይውረድ» የሚለው «አይውረድ» ከሚለው መብለጥ አለበት፣ ቁጥሩም ከጠቅላላው መራጭ ሩብ መድረስ አለበት። በቃ።

የማውረዱን ዘመቻ የመሩት ዊኬር ካኦሽዩንግ የተባለው ቡድንና ሌሎች የዜጎች ስብስቦች ናቸው። ከፊት የነበረው ዪን ሊ የከተማው የባህል ቢሮ የቀድሞ ኃላፊ ነው። ሃን ሥራ የጀመረበት አንድ ዓመት በሞላ ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 2019፣ የመጀመሪያውን ፊርማ ምርጫ ቦርድ ደጃፍ አደረሱ። አንድ ቀን እንኳን አላሳለፉም። በሁለተኛው ዙር 228,134 ፊርማ ሲያስፈልግ ተጣርቶ የጸደቀላቸው ብቻ ከ370,000 በላይ ነው። የሃን ጠበቆች ፊርማው መሰብሰብ የተጀመረው ዓመቱ ሳይሞላ ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ ይግባኙም ወደቀ።

ከዚያ ሃን አንድ እንቆቅልሽ የሆነብኝን ውሳኔ ወሰነ። ደጋፊዎቹን «አትውጡ፣ ቤታችሁ ሁኑ» አላቸው። በድሮው ሕግ ቢሆን ብልህ ነበር፤ ሰው ካልወጣ ግማሹ አይሞላም፣ ነገሩ ይከሽፋል። በአዲሱ ሕግ ግን የሚቆጠረው «ይውረድ» ያለው ሰው ነው። 574,996 ከደረሰ ሃን አለቀለት፤ የእሱ ደጋፊ ቤቱ መተኛቱ ከዚያ ቁጥር አንድ አይቀንስም። አንዳንዱ ስልቱን ሲተረጉመው፣ ወደ ጣቢያው የሚሄድ ሁሉ የሃን ጠላት ተብሎ በጎረቤቱ ዓይን ስለሚገባ ሰው ይፈራል ተብሎ ታስቦ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሌላም ይታየኛል። ደጋፊው ወጥቶ ቢቆጠር ከ892,545ቱ ስንቱ እንደቀረ ይታወቅ ነበር። ቤት ከዋለ አይታወቅም።

ጁን 6 ቀን ቅዳሜ ነው። ሰሜን የሚሠሩ ወጣቶች በባቡር ወደ ካኦሽዩንግ ወረዱ። ልጆቹ ተመለሱ ማለት ነው፣ እሱ ባሰበው መንገድ ባይሆንም። ድምፅ መስጫው ከሰዓት በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ ተዘጋ፣ ቆጠራውም ረጅም አልፈጀም። «ይውረድ» 939,090፣ «አይውረድ» 25,051። ከመራጩ 42.14 በመቶ ወጥቷል። ሃን ከባልደረቦቹ ጋር ወጥቶ በ2018 የመረጡትን ሰዎች አመሰገነ። ውጤቱን በፍርድ ቤትም አልተከራከረበትም። በሳምንቱ ቢሮውን ለቀቀ።

ኦገስት 15 ቀን በተደረገው ማሟያ ምርጫ ያ የተሸነፈው ቼን ቺማይ 70 በመቶ አግኝቶ ከንቲባ ሆነ። ቼን አሰልቺ ነው ይሉታል። ከተማዋ ያን ጊዜ የፈለገችው አሰልቺ ሰው ይመስለኛል፤ በ2022ም ደግማ መረጠችው።

ቀጥሎ ነገሩ ወደ በቀል ዞረ። የሃን ደጋፊዎች ሕጉን ተማሩበት። ዓይኗን የገለበጠችዋን ሁዋንግ ጂዬን ለማውረድ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ ተረፈች፣ በ2024ም ፓርላማ ገባች። ቼን ፖዌይ የሚባል የታይቹንግ የፓርላማ አባል ግን በ2021 ወረደ።

ሃንስ? ጥቂት ዓመት ዝም አለ። በ2024ቱ ምርጫ ኩኦሚንታንግ በፓርቲ ዝርዝሩ አንደኛ አድርጎ አስቀመጠው። በዝርዝር የሚገባ ሰው በወረዳ አይወዳደርም፤ መራጩ ለፓርቲው ድምፅ ይሰጣል፣ ፓርቲው ሰውየውን ያስገባል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ሃን በሁለተኛ ዙር በ54 ለ51 ድምፅ የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሆነ። ጠረጴዛ በገለበጠበት ፓርላማ አሁን መዶሻውን የያዘው እሱ ነው፤ በሜይ 2024 አባላቱ ከወንበራቸው ተነስተው ሲናነቁ ሥርዓት አስከብሩ የተባለውም እሱ ነው።

በ2025 የዜጎች ቡድኖች የኩኦሚንታንግን የፓርላማ አባላት በጅምላ ለማውረድ ተነሱ። ጁላይ 26 ቀን በ24ቱ፣ ኦገስት 23 ቀን በ7ቱ ላይ ድምፅ ተሰጠ። 31ዱም ተረፉ። ሃን ስሙ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ በፓርቲ ዝርዝር የገባን አባል መራጭ እንዲያወርደው ሕጉ አይፈቅድም።